ወለምታ ሁሉ ቢላዋ አያሻውም
(በማታ የንባብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ቁርጭምጭሚት ነው። በተለይም የቁርጭምጭሚት ጅማት ሲበጠስ ሐኪሞች መቼ በቀዶ ጥገና እንደሚሰፉት፣ መቼስ ቢላዋ ሳያነሡ እንደሚያድኑት እንመለከታለን።

እስቲ በመጀመሪያ ልጠይቃችሁ። ከመካከላችን እግሩን ወለም ብሎት የማያውቅ ማን አለ? አያችሁ፣ አንድም እጅ አልተነሣም። ቁልቁለት የሚወርድ፣ ፈር የሚከተል፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ኳስ የሚጫወት ሁሉ ወለምታን ያውቃታል። ስለምናውቃትም እንንቃታለን። ነገር ግን የተናቀች ወለምታ ሰውን ለዓመታት ምርኩዝ ልታስይዝ ትችላለች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ገና የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ የጀመርሁት በራሴ ጥፋት ምክንያት ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

የአጎቴ እግር

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ገበሬ ናቸው። አንድ ክረምት ከገበያ ሲመለሱ ጭቃው አዳለጣቸውና ቀኝ እግራቸው ወደ ውስጥ ታጠፈ። «ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት» ይላሉ። ቁርጭምጭሚታቸው ወዲያው እንደ ቅል አበጠ። የአካባቢው ወጌሻ መጡና በቅቤ አሹላቸው፤ በጨርቅም አሰሩላቸው። በሦስተኛው ሳምንት አጎቴ እርፍ ጨበጡ።

እብጠቱ ሄደ፤ ሕመሙም ቀለለ። እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ፈር ውስጥ ሲረግጡበት ይከዳቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ወለም አላቸው። አንዳንዱ ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ፤ ሌላው «ዕድሜ ነው» አለ።

በዚህ መሐል እኔ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት መጣሁ። እግራቸውን አየሁና «ጋሼ፣ ይኼ የወጌሻ ነገር አይደለም። ጅማትዎ ተበጥሷል፤ መሰፋት አለበት። ዘመናዊ ሕክምና ማለት ቀዶ ጥገና ነው» አልኋቸው። በእርግጠኝነት ነው የተናገርሁት። ዩኒቨርስቲ ገብቼ የለም? አጎቴም አመኑኝ። ለመንገዱና ለሕክምናው ይሆናል ብለው ወይፈን ሸጡ።

ከተማ ሄድን። ሐኪሙ ቅልጥማቸውን በአንድ እጁ፣ ተረከዛቸውን በሌላው እጁ ይዞ ወደ ፊት ሳብ ሳብ አደረገው። ከዚያም «ጅማቱ ላልቷል። ለመሆኑ እስካሁን ስንት ወር እንቅስቃሴ ሠሩ?» አላቸው።

አጎቴ «የምን እንቅስቃሴ?» አሉ።

«እንግዲያው ቢላዋው ይቆየን» አለና ለሦስት ወር የሚሠሩትን በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። ከሁሉ በፊት ያለው ትእዛዝ እንዲህ ይላል፤ ተቀምጠው እግርዎን ያንሡ፤ በአውራ ጣትዎ በአየር ላይ ፊደል ይጻፉ።

አጎቴ ከክፍሉ እንደወጡ ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ልጅ! ወይፈኔን ያሸጥኸኝ በእግሬ ሀ ሁ እንድጽፍ ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሐኪሙ ትክክል ይሁን ወይም እኔ፣ ማወቅ ነበረብኝ። ማንበብ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

ቁርጭምጭሚት እንዴት ተሠራ?

ከጉልበት በታች ሁለት አጥንቶች አሉ። አንደኛው ወፍራሙ የቅልጥም አጥንት ሲሆን ሁለተኛው በውጭ በኩል የሚወርደው ቀጭኑ ነው። ከግራና ከቀኝ የምንዳስሳቸው የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች የሁለቱ አጥንቶች ጫፎች ናቸው። የቀንበር ማነቆ የበሬን አንገት ከሁለት ወገን እንደሚይዝ ሁሉ፣ እነዚህ ጫፎችም ከሥራቸው ያለውን የእግር አጥንት ከሁለት ወገን ይይዙታል። ከዚያ በታች ደግሞ የተረከዝ አጥንት አለ።

አጥንትን ከአጥንት የሚያስሩት ጅማቶች ናቸው። ምራን ቀንበርን ከሞፈር ጋር እንደሚያስር ማለት ነው። በውስጥ በኩል ያለው ጅማት እንደ ማራገቢያ የተዘረጋና ጠንካራ ነው። በውጭ በኩል፣ በትንሿ ጣት አቅጣጫ፣ ሦስት ጅማቶች አሉ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመካከል፣ አንዱ ከኋላ ነው። ከሦስቱ ደካማው የፊተኛው ነው። አብዛኛው ወለምታ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ስለሚደርስ መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው የፊተኛው ጅማት ነው። ጉልበቱ ከበረታ መካከለኛው ይከተላል። የኋለኛው የሚበጠሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ሐኪሞች ጉዳቱን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በአንደኛው ደረጃ ጅማቱ ተለጥጧል እንጂ አልተበጠሰም። በሁለተኛው በከፊል ተበጥሷል። በሦስተኛው ፈጽሞ ተበጥሷል።

እዚህ ላይ «ፈጽሞ የተበጠሰማ ካልተሰፋ እንዴት ይገጥማል?» የሚል ሰው ይኖራል። የእኔም ሐሳብ ይኸው ነበር። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ምራን የሞተ ቆዳ ነው፤ ከተበጠሰ ሰው ካልቀጠለው አይቀጠልም። የሰው ጅማት ግን ሕይወት አለው፤ ደም ይደርሰዋል። የተበጠሱት ጫፎች እርስ በርስ ተቀራርበው ከቆዩ፣ በጊዜና በአግባቡ ከተያዘ፣ አካላችን ራሱ ጠባሳ ሠርቶ ያያይዘዋል።

ሌላም ነገር አለ። ጅማት ገመድ ብቻ ሳይሆን መልእክተኛም ነው። በውስጡ ነርቮች አሉ። እግራችን ድንጋይ ላይ ዘንበል ሲል «ልትወድቅ ነው!» ብለው ያስታውቃሉ፤ ጡንቻም ወዲያው እግሩን ያቃናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ፍሪማን የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለዚህ ነገር ጽፈዋል። ወለም ያለው እግር በኋላ የሚከዳው ጅማቱ በመላላቱ ብቻ ሳይሆን መልእክቱ በመዘግየቱም ጭምር ነው፤ ይህንንም በሚዛን መልመጃ ማሻሻል ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይኸውም የአጎቴ ሀ ሁ ምን እንደሆነ ያስረዳናል። ፊደሉ የደረቀውን መገጣጠሚያ በየአቅጣጫው ያፍታታል። ከዚያ የሚከተለው በአንድ እግር የመቆም መልመጃ መልእክተኛውን ያስተምረዋል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስብራትን መለየት

ወለምታ ነው ከማለታችን በፊት አጥንት አለመሰበሩን ማወቅ አለብን። ራጅ በሌለበት ቦታ ምን እናደርጋለን? በ1992 በካናዳ፣ በኦታዋ ከተማ፣ ስቲል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በጣት ብቻ የሚሠራ ደንብ አወጡ። ደንቡ ማን ራጅ መነሣት እንዳለበት ይለያል። እንዲህ ነው፤

1ኛ. የተጎዳው ሰው፣ እያነከሰም ቢሆን፣ አራት እርምጃ መራመድ ይችላል? ልክ እንደተጎዳም፣ በምርመራውም ጊዜ ካልቻለ ራጅ ያስፈልገዋል።

2ኛ. የሁለቱን ጉብታዎች ጫፍና የኋላ ጠርዛቸውን በጣት ተጫኑ። ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ በግምት አራት ጣት ጎን ለጎን ቢጋደም የሚሸፍነውን ያህል፣ አጥንቱን ስትጫኑት ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል።

3ኛ. ከትንሿ ጣት በስተኋላ፣ በእግር ውጭ ጠርዝ መካከል፣ ጎላ ያለ አጥንት አለ። በውስጥ በኩልም ከጉብታው ፊት ለፊት ሌላ አጥንት ይዳሰሳል። ከሁለቱ አንዱ ሲጫኑት ካመመ እንደዚሁ ራጅ ያስፈልገዋል።

በ2003 በዚህ ደንብ ላይ የተደረጉ 27 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ደንቡ ስብራትን ሳያይ የሚያልፈው እጅግ ከጥቂት ሰው ላይ መሆኑ ታውቋል። ያለ አስፈላጊነት የሚነሣውንም ራጅ ከ30 እስከ 40 ከመቶ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ተገምቷል። ሆኖም ለሰከረ ሰው፣ እግሩ ለደነዘዘ ሰውና ለሕፃን አይታመንበትም።

ከዚህ ሌላ እግሩ ከቦታው ወጥቶ ከተጣመመ፣ ቁስሉ አጥንት ካሳየ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አይባልም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ስብራት ከሌለ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ማድረግ ሕመሙን ያስታግሳል። በፋሻ መጠቅለል ጥሩ ነው፤ ግን አይጥበቅ። በፋሻው ሥር ጣት ካልገባ ጠብቋል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሙቅ ነገርም ሆነ በኃይል ማሸት ደሙንና እብጠቱን ያብሳል።

ታዲያ ወር ሙሉ ይተኛ ማለት አይደለም። ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቶሎ መርገጥ መጀመር ይገባል። ጉዳቱ የከፋ ከሆነ ለአጭር ጊዜ ጀሶ ይጠቅማል። በ2009 በብሪታንያ የታተመ ጥናት ክፉኛ ወለም ያላቸውን 584 ሰዎች ተከታትሏል። ለ10 ቀን ጀሶ የታሰረላቸው ሰዎች በሦስተኛው ወር ላይ፣ እንደ እጅጌ የሚጠለቅ ፋሻ ብቻ ከተደረገላቸው ይልቅ ደህና ሆነው ተገኙ። በዘጠነኛው ወር ግን ልዩነት አልነበራቸውም።

ቀዶ ጥገናውና ምርምሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ድሮ የላላ ቁርጭምጭሚት ሲያጋጥም ብዙ ሐኪሞች ከጎን ያለውን የጡንቻ ጅማት ወስደው፣ አጥንት በስተው፣ በዚያ እንደ ገመድ ያስሩት ነበር። በ1953 ኢቫንስ፣ በ1969 ክሪስማንና ስኑክ የጻፉት ዘዴ እንዲህ ያለ ነው። እግሩ ይጠብቃል። ነገር ግን የተወሰደው ጅማት እግር ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚጠብቀው ጡንቻ ጅማት ነበረ። የአንዱን ጎጆ ማገር ነቅሎ የሌላውን እንደ መጠገን ያለ ነው።

በ1966 በስዊድን ሌናርት ብሮስትሮም የተባሉ ሐኪም ቀለል ያለ መንገድ አሳዩ። ከውጭው ጉብታ ፊት ለፊት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቀድደው፣ የላላውን የራሱን ጅማት ፈልገው፣ አሳጥረው ሰፉት። ከሌላ ቦታ ምንም አልወሰዱም። በ1980 ጎልድ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በዚህ ላይ ጨመሩበት። በአጠገቡ ያለውን ጠንካራ ሽፋን ስበው ከስፌቱ በላይ ደረቡለት። እስከ ዛሬ ድረስ ለላላ ቁርጭምጭሚት በስፋት የሚሠራው ይኸው የሁለቱ ዘዴ ነው። ዛሬ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ እያዩ የሚሠሩም አሉ።

ከብሮስትሮም ሥራ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። እሳቸው የሰፉት ከዓመታት በፊት የተበጠሰውን ጅማት ጭምር ነው፤ ሠምሮላቸዋልም። ስለዚህ ዛሬ ካልተሰፋ ነገ አይሰፋም የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ቢላዋ ሊቆይ ይችላል።

ታዲያ ገና እንደተበጠሰ መስፋት ይሻላል ወይስ መጠበቅ? ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች በሽተኞቹን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ። ዕጣ ለምን አስፈለገ? ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ቀላሉን ለአንዱ፣ ከባዱን ለሌላው ሊሰጥ ይችላል፤ ፍርዱም ይዛባል። በ1991 ካኑስና ሬንስትሮም የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ 12 ጥናቶችን አነጻጽረው፣ ፈጽሞ ለተበጠሰ ጅማት እንኳ በድጋፍ አስሮ ቶሎ ማንቀሳቀስ ቀዳሚው ሕክምና መሆን አለበት ብለው ደመደሙ። በ2007 ደግሞ 2,562 ሰዎች የገቡባቸው 20 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ቀዶ ጥገናው ይበልጣል ወይም ያንሳል ብሎ ለመፍረድ የሚበቃ ማስረጃ አልተገኘም።

እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ ግን በ2010 ከፊንላንድ የወጣው ጥናት ነው። ሰዎቹ 51 ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው በአማካይ 20 ዓመት፣ የእኔ እኩዮች። ግማሾቹ ተሰፉ፤ ግማሾቹ በድጋፍና በእንቅስቃሴ ታከሙ። በአማካይ ከ14 ዓመት በኋላ ተፈልገው ከተገኙት መካከል፣ ከተሰፉት 15 ሰዎች እንደገና ወለም ያለው አንዱን ብቻ ነው። ካልተሰፉት 18 ሰዎች ግን 7ቱን እንደገና ወለም ብሏቸዋል። እዚህ ላይ «እንዴ! ቢላዋው በለጠ እኮ» ትላላችሁ። ቆዩኝማ፤ ገና አላለቀም። መገጣጠሚያቸው በኤም አር አይ ሲታይ፣ ከተሰፉት 15 ውስጥ በ4ቱ ላይ የመገጣጠሚያው ልባስ ማለቅ ታየ። ካልተሰፉት ውስጥ በአንድም ሰው ላይ አልታየም። ሁለቱም ወገኖች ግን ወደ ቀድሞ እንቅስቃሴያቸው ተመልሰዋል።

እንግዲህ ቢላዋ በአንድ እጁ ይሰጣል፤ በሌላው እጁ ሊወስድ ይችላል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን «ዘመናዊ ሕክምና ማለት ቀዶ ጥገና ነው» ላልሁት ለእኔ በቂ መልስ ነው። ዘመናዊ ሕክምና ማለት መዝኖ መወሰን ነው።

ታዲያ ለማን ነው የሚሰፋው? ከሦስት እስከ ስድስት ወር በትክክል እንቅስቃሴ ሠርቶ፣ አሁንም እግሩ ለሚከዳው፣ ሐኪሙም ሲስበው ላልቶ ለሚያገኘው ሰው ነው። እንዲሁም ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች አንድ ላይ የሚይዘው ጅማት ተበጥሶ አጥንቶቹ ለተለያዩበት፣ ወይም ከመገጣጠሚያው ውስጥ ቁራጭ ለተሰበረበት ሰው ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ቢላዋን መፍራት የለበትም። ግን ይህን ይወቅ፤ ከስፌቱ በኋላ ለሳምንታት በጀሶ ወይም በድጋፍ ይቆያል፤ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ በአጠገቡ ያለ ነርቭ ሊነካ ይችላል። ወደ ከባድ ሥራ እስኪመለስ ወራት ያልፋሉ። ከሁሉም በላይ ከቢላዋው በኋላም ያው ሀ ሁ ይጠብቀዋል!

መልመጃው

መልመጃው ገንዘብ አይጠይቅም። ሕመሙ ሲቀል በአውራ ጣት ፊደል መጻፍ ነው። ቀጥሎ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ እግርን ወደ ውጭ መግፋት። ቀጥሎ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣቶች መነሣትና መውረድ። በመጨረሻም በተጎዳው እግር ብቻ ግማሽ ደቂቃ መቆም፤ ይህ ሲለመድ ዓይንን ጨፍኖ መቆም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሳይሰለቹ። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህ የተባለ ይመስላል።

የአጎቴ መጨረሻ

አጎቴ ለአንድ ሳምንት አኮረፉኝ። ከዚያ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። ልጆቹ እየሳቁ «ባባ፣ አሁን የጻፍኸው ሠ ነው ወይስ ሰ?» ይሏቸዋል። በሦስተኛው ወር ሜዳ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኝ እግራቸው ቆሙ። በተከታዩ ክረምት እግራቸውን አስረው አረሱ። አንድ ጊዜ ወለም ብሏቸዋል፤ ቢሆንም አልወደቁም። ሐኪሙም ሲያያቸው «ከዚህ በኋላ ቢላዋ አልፈልግም» አሉት፤ እሱም ተስማማ። ወይፈኑ ግን አልተመለሰም።

ከወጌሻውም ጋር ተነጋገርን። ብዙ ጉዳት አይተዋል፤ ሰውም ያምናቸዋል። በጣት የሚሠራውን ደንብ አሳየኋቸው፤ ደጋግመው ሞከሩትና ወደዱት። እኔም የቸገረኝን ነገር ነገርኋቸው። በቀርቀሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደም ያቋርጣል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ። «ካሰርሁ በኋላ ጣቱን ማየት አለብኝ ማለት ነው?» አሉ። አዎን፣ ጣቱን ማየት። ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው መፍታትና ወደ ሐኪም መላክ።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ንግግር ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ስብራቱን ለዩ። ቀጥሎ እግሩን አስተምሩት። ቢላዋውን በመጨረሻ፣ ከሐኪም ጋር መክራችሁ ወስኑ። ዘመድ «ይህን አድርግ» ሲላችሁም፣ የተማረ ቢሆንም እንኳ፣ ወይፈናችሁን ከመሸጣችሁ በፊት «ከየት አወቅኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። አጎቴ ይህን ቢጠይቁኝ ኖሮ ዝም ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከሦስቱ የውጭ ጅማቶች ቀድሞ የሚጎዳው የትኛው ነው? ለምን?
2. ራጅ የሚያስፈልገውን ሰው በጣት እንዴት እንለያለን? በጓደኛችሁ እግር ላይ አሳዩ።
3. ተመራማሪዎች በሽተኞችን በዕጣ የሚከፍሉት ለምንድን ነው?
4. በፊንላንዱ ጥናት የቀዶ ጥገናው ጥቅም ምን ነበር? ጉዳቱስ?
5. በአካባቢያችሁ ወለም ያለው ሰው መጀመሪያ ወዴት ይሄዳል? ምን ቢሻሻል ትላላችሁ?